አፍ የሚፈታው ሰሚ ሲገኝ ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሀዋሳ ውስጥ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቅዳሜና እሑድን እንዴት እንዳሳለፈች በእንግሊዝኛ እንድትነግረን ጠየቅኋት። ተነሥታ «የስተርዴይ አይ ጎ ቱ ማርኬት» ብላ ጀመረች፤ እኔም ዓረፍተ ነገሩን ሳታገባድድ «ዌንት» አልኳት። «ዌንት» ብላ ደገመች፤ ቀጥሎ ልትለው የነበረው ግን ጠፋባት። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ሳቁ፤ እርሷም ዝም ብላ ተቀመጠች። በዚያ ዓመት እጇን ዳግመኛ አላወጣችም። ገበያ ከማን ጋር እንደሄደች፣ ምን እንደገዛች፣ ምን እንዳየች እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከሁሉ ይልቅ የሚቆረቁረኝም ይህ ነው፤ ጥያቄውን የጠየቅሁት እኔ ሆኜ ሳለ መልሱን ለመስማት ያልታገሥኩትም እኔው ነበርኩና።

አማርኛ ሰው በመጀመሪያ የሚናገረውን ቋንቋ «አፍ የተፈታበት ቋንቋ» ይለዋል። አፍ ደግሞ ብቻውን አይፈታም፤ የሚፈታው በሌላ ሰው ፊት ነው። ሕፃን «ቡዋ» ሲል እናቱ ውሃ ታቀርብለታለች እንጂ «ቡዋ አይባልም» ብላ አታስቆመውም። ውሃውን እየሰጠች «ውሃ ጠማህ?» ትለዋለች፤ ልጁም ቃሉ ውሃ እንዳመጣለት አይቶ ነገም ሌላ ቃል ይሞክራል። በዚህች ከተማ እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የደረስኩበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ተማሪ በልበ ሙሉነት የሚናገረው «አይዞህ፣ አትፍራ» ስለተባለ ሳይሆን የጀመረው ነገር እስከ መጨረሻው ስለተሰማለት ነው።

ትምህርት ቤቶቻችን የተሠሩት ለዚህ ዓይነቱ መደማመጥ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል፤ ሀዋሳ መቀመጫው በነበረችበት በቀድሞው የደቡብ ክልል ልጆች ሒሳብና ሳይንስን በእንግሊዝኛ መማር ይጀምሩ የነበረው ከአምስተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ አሥረኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ዕፅዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ በእንግሊዝኛ ጽፎ ማብራራት ሲችል፣ ስሙንና ሰፈሩን በዚያው ቋንቋ ለእንግዳ መናገር ያልበዋል። ይህ ስንፍና አይደለም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛው ጥያቄ ምርጫ ነው፤ ተፈታኙ ከተሰጡት አማራጮች አንዱን ይመርጣል እንጂ ከአፉ አንዲት ዓረፍተ ነገር አያወጣም። የማይፈተን ነገር ደግሞ መምህሩም አይተጋበትም፣ ወላጅም አይጠይቅበትም።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ከፊቱ ተደርድረን ከተቀመጥነው አንዱ ነበርኩ። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ይጠይቀናል፣ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል፣ ከዚያም ከመካከላችን አንድም ሰው ትንፍሽ ሳይል «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። ብዙ ሰዎች ፕላዝማውን ያለ ርኅራኄ ያወግዙታል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ በየቀኑ መስማታችን ጆሯችንን ጠቅሞታል። የጎደለው ሌላ ነበር። ስክሪኑ ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ እኛም ለዓመታት የማይሰማ ነገር ፊት ተቀምጠን ዝምታን ተለማመድን። የከፋው ነገር፣ መምህር ስሆን እኔም እንደ ስክሪኑ መሆኔ ነው።

በክፍሌ ስልሳ ተማሪዎች አሉ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። እኔ አንዲት ቃል ሳልናገር ሰዓቱን በሙሉ ለተማሪዎቹ ባከፋፍለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው፤ የማስረዳበት፣ ስም የምጠራበትና ሰሌዳ የማጠፋበት ሲቀነስ ከ15 ሰከንድ የሚዘል ነገር አይተርፍም። በ15 ሰከንድ የሰው አፍ አይፈታም። ነገር ግን ሁሉም ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ቢዞሩና በተራ ቢነጋገሩ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ አምስት ደቂቃ ተናግሮ አምስት ደቂቃ ያዳምጣል። ይህ ቀላል ሒሳብ ነው፤ ሆኖም ክፍሉ ይንጫጫል ብዬ፣ ከአጠገቤ ያለው መምህር ምን ይለኛል ብዬ፣ ልጆቹም ወደ አማርኛ ይሸሻሉ ብዬ ለዓመታት ሳልሞክረው ቆየሁ። ክፍሉ በእርግጥ ይንጫጫል። ልጆቹም አልፎ አልፎ ወደ አማርኛና ወደ ሲዳሙ አፎ ይሄዳሉ፤ የፈለጉትን ቃል ከጓደኛቸው ተቀብለው ግን ይመለሳሉ።

ትልቁን ትምህርት የሰጠኝ ከአለታ ወንዶ የመጣ አንድ ተማሪ ነው። «ቲቸር፣ እኔ ቋንቋ የሚባል ነገር አይገባኝም» አለኝ። ይህን ያለኝ በጥሩ አማርኛ ነበር። አማርኛን የት እንደተማረ ጠየቅሁት። ቤታቸው ሲዳሙ አፎ ብቻ ይነገር እንደነበር፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ አክስቱ ዘንድ ሊኖር ሀዋሳ እንደመጣ፣ ሱቅ ሲልኩት ለወንዱ ባለሱቅ «ሳሙና ስጪኝ» ይል እንደነበር አጫወተኝ። ባለሱቁም ፈገግ ብሎ ሳሙናውን ይሰጠዋል፤ «ስጠኝ ነው የሚባል» የሚለው ከሰጠው በኋላ ነው። ልጁ የአማርኛ ግሥ እስኪያረባ ድረስ ሳሙና ሳይገዛ አልቆየም። የሀዋሳ ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከሲዳሙ አፎ ወደ አማርኛ፣ ከወላይትኛ ወደ ሲዳሙ አፎ የተሻገረው በገበያ፣ በኳስ ሜዳና በባጃጅ ውስጥ እየተሳሳተ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ቋንቋ በመናገር የሰለጠኑ ልጆች እንግሊዝኛ ላይ ሲደርሱ ብቻ ልሳናቸው የሚታሰረው ለምንድን ነው?

እኔ እንደማምነው፣ የእንግሊዝኛ ስሕተት ከሌላው ቋንቋ ስሕተት በተለየ ሚዛን ስለሚመዘን ነው። በአማርኛ የጾታ ስሕተት የሠራን ልጅ «ገና እየለመደ ነው» እንለዋለን፤ በእንግሊዝኛ የጊዜ ስሕተት የሠራውን ግን ያልተማረ እናደርገዋለን። አትሌቶቻችን ሮጠው ካሸነፉ በኋላ በዓለም ፊት ቆመው አፋቸውን ባልፈቱበት ቋንቋ መልስ ሲሰጡ እንግሊዝኛቸውን እየቆራረጡ የሚሣለቁባቸው ሰዎች አሉ፤ ልጆቻችን ያንን ሳቅ ይሰማሉ፤ ትምህርትም ይወስዱበታል። ስለዚህ በክፍሌ ያለው የመጀመሪያው ደንብ የሚመለከተው ተናጋሪውን ሳይሆን ሰሚዎቹን ነው፤ ሰው እየተናገረ አይሳቅም፣ አይታረምም፣ ቃልም አይቀማም። ጓደኛው ሲጨርስ ሰሚው ስለተነገረው ጉዳይ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ለመጠየቅ ደግሞ ማዳመጥ ግድ ነው፤ ጥያቄ የቀረበለት ተማሪም መሰማቱን ከማንኛውም ምስጋና በላይ ያውቃል።

እርማት ይቅር እያልኩ አይደለም። እርማት ያስፈልጋል፤ ጥያቄው መቼና እንዴት የሚለው ነው። ሮይ ሊስተርና ሌይላ ራንታ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ካናዳ ውስጥ በፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆችን ክፍሎች ተመልክተው፣ መምህራን ከሁሉ አብዝተው የሚጠቀሙበት የእርማት መንገድ የተማሪውን ንግግር አስተካክሎ መልሶ ማለት እንደሆነ አሳይተዋል፤ ተማሪዎቹ እርማቱን ተቀብለው ምላሽ የሚሰጡት ግን ከሌሎቹ መንገዶች ሁሉ ባነሰ መጠን በዚህኛው ነበር። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲያወሩ በመካከላቸው እየተዘዋወርኩ የሰማሁትን በትንሽ ደብተር እጽፋለሁ። ሁሉም ሲያበቃ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ያለ ማንም ስም ሰሌዳ ላይ አሰፍራለሁ፤ ተማሪዎቹም ራሳቸው ያርሟቸዋል። ከሦስት አላስበልጥም፤ አሥር ስሕተት የተለቀመበት ሰው የሚያስታውሰው ስሕተቶቹን ሳይሆን መለቀሙን ነው።

ከእርማት ይልቅ የከበደኝ ዝምታን መታገሥ ነበር። አሜሪካዊቷ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሳይንስ ክፍሎች ላይ ባደረገችው ምርምር፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ያ ጊዜ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና ቀድሞ ዝም ይሉ የነበሩትም መመለስ እንደሚጀምሩ አሳይታለች። እነዚያ ልጆች የሚመልሱት በገዛ ቋንቋቸው ነበር። የኔ ተማሪ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምቶ፣ ሐሳቡን አሰላስሎ፣ ቃል ፈልጎ፣ በቃላቱ ቅደም ተከተል ላይ መወሰን አለበት፤ ግሡን መጨረሻ ላይ ከሚያሳርፍ ቋንቋ ግሡን መሐል ላይ ወደሚያስቀምጥ ቋንቋ መሻገር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ ከጠየቅሁ በኋላ በልቤ እስከ ሰባት እቆጥራለሁ። ሰባት ሰከንድ ስልሳ ሰው ፊት ለቆመ መምህር ረጅም ነው፤ ስንት ጊዜ አምስት ላይ ስደርስ አፌን ልከፍት ምንም ያህል አልቀረኝም።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው ልምምድ ልምጣ። ኪት ሞሪስ የተባለ የቋንቋ መምህር እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀውና የኒውዚላንዱ ምሁር ፖል ኔሽን በኋላ ያጠናው ዘዴ ነው፤ ተናጋሪው አንድን ጉዳይ ለአንድ ሰው በአራት ደቂቃ፣ ያንኑ ለሌላ ሰው በሦስት ደቂቃ፣ ያንኑ ለሦስተኛ ሰው በሁለት ደቂቃ ይናገራል። ለጀማሪዎች አራት ደቂቃ ስለሚበዛ እኔ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ አድርጌዋለሁ። ተማሪዎቼ ሦስቱን ዙሮች «አቦል፣ ቶናና በረካ» ብለው ሰየሟቸው፤ ስሙ እንዲህ ተስማምቶ ሳየው እኔም ሌላ ስም አልፈለግሁለትም። በአቦሉ ተናጋሪው ቃል እየፈለገ ይንተባተባል፤ በቶናው የፈለጋቸው ቃላት እጁ ላይ ናቸው፤ በበረካው ቃል ፍለጋውን ትቶ ነገሩን ይነግርሃል። ቡናው ዙሩ በሄደ ቁጥር ይቀጥናል፤ ንግግሩ ግን ይወፍራል። ሰሚው በየዙሩ አዲስ ስለሆነ መደጋገሙ አያሰለችም፤ ለእርሱ ወሬው ያልተሰማ ነውና። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ አንዱን መዝሙር በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እያሳለፉ ምላስን ማላቀቅ አባቶቻችን የኖሩበት ነው።

የንግግሩ ጉዳይ ግን ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው መሆን አለበት፤ አዲስ ሐሳብና አዲስ ቋንቋ በአንድ ጊዜ አይጫኑበትም። ስለ ጠፈር ጉዞ አላናግራቸውም። ስለ ቡና አፈላል፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ስላለው መንገድ፣ እናታቸው ቡርሳሜ የሚባለውን የእንሰት ምግብ እንዴት እንደሚሠሩ ይናገራሉ። አንዲት ተማሪ ስለ ቡርሳሜ ስትናገር እንሰት ላይ ደረሰችና ቆመች፤ የእንግሊዝኛ ስሙን አታውቅም። ባልደረባዋ እንዳይረዳት በዓይኔ ለመንኩት። ጥቂት ቆይታ «ኢት ሉክስ ላይክ ባናና፣ በት ዊ ዶንት ኢት ዘ ፍሩት» አለች፤ ቀጥላም ግንዱ እንደሚፋቅ፣ ተቀብሮ እንደሚብላላና እንደሚጋገር በእጇ እያሳየች አስረዳች። የተናጋሪ ብስለት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ቃሉ ሲጠፋ ነገሩን አለመተው። አንድ ቃል ከማስታወስ ይልቅ ያለዚያ ቃል መሻገርን የለመደ ሰው ሌላ ጊዜ አይደነግጥም።

ስለ ድምፅ አወጣጥ ያለኝ አቋም ከብዙ ባልደረቦቼ ይለያል። እንግሊዛዊ ወይም አሜሪካዊ የሚመስል ቅላጼ እንዲያወጡ አላስጨንቃቸውም፤ ሰሚውን የሚያሳስተውን ግን በትጋት አስተምራለሁ። መርከብና በግ በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፉ ግን ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው፤ ጆሯችን የማይለየውን ምላሳችን ሊለየው አይችልም። ምላስ በጥርሶች መካከል ወጣ ብላ የምታወጣው ድምፅ አማርኛ ውስጥ ስለሌለ «አስባለሁ» ሊል የፈለገ ተማሪ «እሰጥማለሁ» ይላል። ተነባቢዎች ሲደራረቡብን ደግሞ ሳድስ እያስገባን «እስትሪት» እንላለን። ይህ የመጨረሻው ብዙም አያደናግርምና እተወዋለሁ። ከሁሉ የሚከብደው ቃሉ የሚረገጥበትን፣ ማለትም ድምፅ የሚበረታበትን ቦታ መሳት ነው። ይህን ለማስረዳት ወደ መጥበቅና መላላት እመለሳለሁ። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። በእንግሊዝኛም «ሪኮርድ» መጀመሪያው ሲረገጥ ስም፣ መጨረሻው ሲረገጥ ግሥ ይሆናል። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይበራል፤ የባዕድ ቋንቋ ምሥጢር የመሰላቸው ነገር አምሳያው በቤታቸው ኖሯል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአሞራ ገደል ብዙ ሳንርቅ ሐይቁ ዳር ሾላ ዛፍ ሥር የምንሰበሰብ አሥራ አንድ ሰዎች አለን። አብዛኞቹ ተማሪዎች አይደሉም፤ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት፣ በሆቴል እንግዳ የምትቀበል እኅት፣ በልብስ ፋብሪካ የምትሠራ ሌላ ወጣት ይገኙበታል። ሐይቁ ዳር የሚዝናኑ የውጭ አገር ሰዎችን እየቀረቡ ማናገር ጥሩ ልምምድ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው የልምምድ መሣሪያ አይደለም፤ እርስ በርስም መነጋገር ይበቃል። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ይሉኝታ ነው። ሐበሻ ከሐበሻ ጋር በእንግሊዝኛ ሲነጋገር ጉራ ይመስላል፤ የሰፈሩ ሰው «ፈረንጅ ሆናችሁ?» ይላል። ይህንን የፈታነው ጊዜና ቦታ በመወሰን ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር ከሾላው ሥር እንግሊዝኛ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈቀደን።

የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ያመጣችው ጉዳይ ብዙ አስተምሮኛል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በዚህች ከተማ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ የሚቀበሉ ወጣቶች በዝተዋል፤ ትእዛዙን የሚሰጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእስያ አገሮች የመጡ፣ እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ያልሆነ ሰዎች ናቸው። እርሷም ያልገባትን ሁሉ «የስ» እያለች ትቀበል ነበር፤ አንድ ቀን እጅጌ በተሳሳተ ስፋት ተሰፍቶ ብዙ ሥራ ፈርሶ ተሠራ። «መምህር፣ ሰዋስው ሳይሆን መልሼ የምጠይቅበትን ንግግር ይስጡኝ» አለችኝ። አራት ዓረፍተ ነገሮች አጠናን፤ እንደገና በለው ማለትን፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ ማለትን፣ የገባኝ እንዲህ ነው ትክክል ነኝ ወይ ማለትን፣ ቃሉን አላውቀውም አሳየኝ ማለትን። ምላሷ ላይ እስኪያድሩ ድረስ እየተቀባበልን ደጋገምናቸው። በሦስተኛው ሳምንት መጥታ፣ ተቆጣጣሪዋ ሲመልስላት እርሱም እንደ እርሷ ቃል እየፈለገ እንደሚናገር ያኔ ገና እንዳስተዋለች ነገረችን። ለካ ሁለቱም ሲፈሩ ኖረዋል።

በሰው ፊት መናገር ፈጽሞ ለማይሆንላቸው ደግሞ ቴሌግራም ረድቶኛል። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ለእኔ ብቻ እንዲልኩ አደርጋለሁ። ብዙዎቹ አንዱን ደቂቃ ከመላካቸው በፊት አምስትና ስድስት ጊዜ ቀድተው እንደሚያጠፉት ነግረውኛል፤ እኔ የምፈልገውም ያንን የጠፋውን ልፋት ነው። መልሴም ስለ እንግሊዝኛቸው ሳይሆን ስላሉት ነገር ነው።

ያችን «ዌንት» ብዬ ያቋረጥኳትን ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ለብቻዋ ጠርቼ ያደረግሁት ልክ እንዳልነበረ ነገርኋት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። አንገቷን አቀርቅራ «ምንም አይደል፣ ቲቸር» አለች። ከአጠገቧ ልጅ ጋር ማውራት ጀምራ ነበር፤ በመላው ክፍል ፊት ግን እኔ ጋር እስካለች ድረስ አልተናገረችም። አንዲት ቃል በችኮላ ወርውሬ ያፈረስኩትን በአንድ ዓመት ልገነባው አልቻልኩም።

ዘንድሮም እንደ እርሷ ያለ አንድ ልጅ አለ። እንዲናገር አላስገድደውም፤ የአቦል፣ የቶናና የበረካውን ሰዓት ያዥ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ሰዓቱ ሲሞላ ጠረጴዛ ይመታ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ስቶፕ» ማለት ጀመረ። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ጓደኞቹ ወሬያቸው ጥሟቸው ሊያቆሙ እንዳልፈለጉ አየና «ኦኬ፣ ዋን ሞር ሚኒት» አላቸው። እኔም ከኋላ ቆሜ ስለነበር ሰማሁት፤ ምንም አላልኩም። ለሚቀጥለው ሐሙስ፣ ማን ምን እንዳወራ አንድ ጥያቄ ልጠይቀው አስቤያለሁ፤ እስኪመልስልኝም እስከ ሰባት እቆጥራለሁ፣ ካስፈለገም እስከ ሃያ።